ባለሰባት ኮከቡ ድንኳን

በዚያ ሰኞ ጠዋት በሰፈሩ አሥራ አራት ኤሲ፣ ስድስት ፍሪጅና አንድ የሰው ክንድ ተሰበረ። ክንዱ የባስልኤል ነበር።

ኮከብ ቆጣሪዎቹ በአንድ ሰዓት መጭመቂያ መኪናቸውን አስቀድመው ገቡ። «ኮከብ ቆጣሪ» ያላቸው የድሬ ሰው ነው እንጂ የመሥሪያ ቤታቸው ስም ረጅም ነው፣ የሚጠራውም የለም። ቤት ለቤት እየዞሩ በየማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የመብራት ቁጠባ ኮከብ ያያሉ፤ ከሦስት በታች ከሆነ ከግድግዳው ፈልቅቀው ደጅ ያወጡትና መጭመቂያው ውስጥ ይከቱታል። ባለቤቱ ቆሞ ማየት አለበት፤ ደንብ ነው። አይቶ ሲጨርስ ይፈርማል።

የኤልዳና ኤሲ ሲገዛ አምስት ኮከብ ነበረው። እሷ አሥረኛ ክፍል የደረሰች፣ ማንበብ የማይሰለቻት ሴት ነች፤ ያኔም ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ «ስንት ትበላለች?» ብላ ጠይቃ፣ የሻጩን አፍ ሳታምን ስቲከሩን በመነጽር አንብባ ነው የገዛችው። ግን መለኪያው በየዓመቱ ከፍ ይላል። ኤሲው ምንም ሳይጎድልበት በዓመቱ አራት ሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ሦስት፣ ዘንድሮ ሁለት። ሰውም እንዲሁ ነው፣ ባለበት የቆመ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰውን ግን በመኪና አይጨፈልቁትም።

ለራሷማ ግድ አልነበራትም። ያስጨነቀቻት ዘነበች ናት። የልጅ ልጇ ዘነበች በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው፤ እናቷ እዚያው በወሊድ አረፈች። አባቷ ኢዮስያስ፣ የኤልዳናና የባስልኤል አንድ ልጅ፣ አይሻ በረሃ ላይ የነፋስ ማማ እየጠገነ ያድራል። ሕፃኗ ሃምሳ ቀን ሞልቷታል፣ ሚዛን ላይ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል አልደፈነችም። እንዲህ ያለ ልጅ ማላብ አያውቅበትም። ሙቀት ሲበዛበት አያለቅስም፤ ዝም ይላል፣ የሚያስፈራውም ዝም ሲል ነው። ኤልዳና በቀን መቶ ጊዜ ጣቷን ከሕፃኗ አፍንጫ ሥር ታደርጋለች። ትንፋሹ ይነካታል፣ ታመሰግናለች፣ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ትመለሳለች።

ባስልኤል ሰባ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ወጣት ኮከብ ቆጣሪ ሲገባ ኤሲውን በሁለት እጁ አቀፈው። ልጁ የሌላ አገር ሰው ነበር፣ አንቱታ ያውቃል። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው።

«አባቴ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ» አለው።

«አቦ፣ ሕፃን አለች እዚህ ቤት።»

«አይቻታለሁ አባቴ። ዞር ይበሉልኝ።»

ሦስተኛ አልለመነውም። በያዘው የብረት መፈልቀቂያ ከክርኑ በታች አሳረፈበት። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነበር፤ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ እንደ ነጭ ጥፍር ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ኤሲው በቀላሉ ወጣ። ባስልኤል ደጅ ቆሞ ሲጨፈለቅ አየ፣ በግራ እጁ ፈረመ። «እግዜር ይማርዎ» አለው ልጁ ወረቀቱን እያጠፈ፤ የምሩን ነበር።

ኤልዳና ቁስሉን አጥባ፣ ክንዱን በሁለት የሳጥን ጣውላ አጥብቃ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። ማስጠንቀቂያ ነው፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀይ ቀን። በቀይ ቀን ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከአምስት ኮከብ በታች የሆነውን ሁሉ የቤቱ የመብራት ቆጣሪ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ቬንትሌተርም ብትሆን። ባለፈው ዓመት በተከታታይ ሁለት ቀይ ቀን በሰፈሩ ዘጠኝ ሕፃን ተቀብሯል። ጤና ጣቢያው ቀዝቃዛ ክፍል አለው፤ ስድስት አልጋ ነው፣ በየአልጋው አራት አራት ልጅ ተኝቷል።

ኤልዳና ሕፃኗን በእርጥብ ነጠላ ጠቅልላ ለባስልኤል ሰጠችና ወደ ቀፊራ ገበያ ሮጠች። ጎረቤቷ ረድኤት መንገድ ላይ ተገናኘቻት። ረድኤትም የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ ደምሴን፣ አሥር ወሩ ነው፣ ወፍራም፣ ሁለት ጥርስ ያለው፣ ለሁሉ ሰው የሚስቅ ልጅ። ከተወለደ ጀምራ በስሙ ለባለአምስት ኮከብ ተራ ይዛለች፤ ወር ከምናምን ቀርቷታል። የኤሲ ጭነት መግባቱን ሰምታ፣ ምናልባት ቢያፈጥኑልኝ ብላ ነው የወጣችው።

ኤሲ የሚሸጠው ሱቅ ደጃፍ ላይ አሥራ ሁለት ካርቶን ነበር፣ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው። ባለሱቁ ስም መጥራት ጀመረ። አራተኛውን ስም ሲጠራ ከኋላ የሆነ ሰው ገፋ፤ ከዚያ ሁሉም ገፋ። አንዲት ሴት ካርቶን እንዳቀፈች ወደቀች፣ ካርቶኑን አልለቀቀችም፣ ሰዉም እሷን መርገጥ አላቆመም። አንድ ሽማግሌ ጆሮው ተቀዶ በቆዳ ብቻ እንደተንጠለጠለ ተራ ወረቀቱን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል። ኤልዳና እግሯ ሥር ለስላሳ ነገር ተሰማት። ወደ ታች አላየችም። ሕፃን ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ወደ ታች አያይም።

ባለሱቁ ጋ ስትደርስ የተራ ወረቀቷን አይቶ መለሰላት። ሰባት ወር ይቀራታል። ዘነበች ሳትወለድ ማን ተራ ይያዝላት?

ጥግ ላይ ስቲከር የሚሸጥ ሰው ጠራት። ኮከቡን እንደ ቴምብር በሉክ በሉክ ይዞታል፣ የተጠገነ ኤሲም አለው። ስንት ትበላለች ብትለው «እንደ በሬ» ብሎ ሳቀ፤ ግን አምስት ኮከብ ለጥፎ ይሰጣታል። ሰዉን እንጂ ቆጣሪውን በስቲከር አያታልሉትም አለችው። በመመለሻቸው ረድኤት የተቀደደ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ ወር ምናምን ምንም አይደለም፣ ያልፋል እያለች ነበር። ኋላ እንደተሰማው በዚያ ግፊያ ሦስት ሰው ሞቷል።

በሰፈሩ ሰባት ኮከብ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ ድንኳን። ሰው የሞተበት ቤት ደጃፍ ላይ ይተከላል፣ ሰልስት እስኪወጣ አይነሳም፣ በቀይ ቀንም አይቆረጥበትም፤ ሬሳ ሙቀት አይችልምና። ሬሳው በቃሬዛ ላይ ሆኖ እዚያው በቅዝቃዜው ይቆያል፣ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ከአጠገቡ አይነሳም። ሌላው በሰልፍ ነው። ድንኳኑ ትንፋሽ ይቆጥራል፤ ሃያ ሰው ይችላል፣ ቁጥሩም መግቢያው ላይ በቀይ ይበራል። ሃያ አንደኛው ከገባ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ ግማሽ ሰዓት አልቅሶ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በግንቦት የድሬ ሰው ለቅሶ አይቀርም። የማያውቀው ሰው ሞተ ሲባል ነጠላውን አዘቅዝቆ ከነልጆቹ ይመጣል፣ ከልቡም ያለቅሳል።

ከሰዓት በኋላ ባስልኤል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሕፃኗን ሲያይ ቆየ።

«ኤልዱ፣ እኔ ልሙት» አላት።

ክንዱ ያተኮሰው መሰላት። ግንባሩን ዳሰሰችው።

«አቦ ጤነኛ ነኝ። አርባ ዓመት የሰው ድንኳን ስተክል ስነቅል ኖርኩ፤ አንዴ ለራሴ ቢተከል ምን አለበት?»

አስቦበታል። በቀይ ቀን ሐዲዱ ስለሚጣመም ባቡር አይሄድም፤ ኢዮስያስ ከአይሻ እስከ ሐሙስ ማታ አይደርስም። አባት ደግሞ አንድ ልጁ ሳይደርስ አይቀበርም፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። እሱ ሦስቱን ቀን ነጠላ ተከናንቦ ይተኛል፣ ሕፃኗ አጠገቡ ትውላለች። ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ይነሳል።

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ተአምር ነው ይላል። በሦስተኛው ቀን መነሳት እንደሁ አዲስ ነገር አይደለም።»

አፉን በእጇ ከደነችው። ሞት ሲጠሩት ይሰማል፣ እናቷ እንዲህ ትል ነበር። እሺ አላለችውም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ዘነበች ጡጦዋን ስትገፋ አይታ፣ ውሃ አሙቃ አጠበችው፣ አውራ ጣቶቹን እንደ ደንቡ አሰረችለት፣ ላላ አድርጋ። ሰው እንዳይነካኝ ብሎኛል፣ ገናዡ እኔው ነኝ ብላ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወጥታ ጮኸች።

ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑን የተከሉት እሱ ያስተማራቸው ጎረምሶች ነበሩ፣ እያለቀሱ። ኤልዳና ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ከነጠላው ሥር ያጉተመትማል፦ «ያቺን ካስማ ዘመም አድርጓት በያቸው። በነፋስ ትነቀላለች።»

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ውጪው አርባ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሃያ አራት። ዘነበች በሃምሳ ቀኗ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ዘርግታ ተኛች፣ ከንፈሯ ቀላ፣ ነቅታም አለቀሰች። ኤልዳና ያን ለቅሶ ስትሰማ እሷም አለቀሰች፤ ሰዉ ለባሏ መሰለው። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ባስልኤል እንደ ድንጋይ ተኝቷል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ታባርርለታለች።

አንድ ነገር ብቻ አላሰቡበትም። መግቢያው ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ሲል ውስጥ የተቀመጠው ሰው አሥራ ዘጠኝ ነው። ሰልፉን የሚያስገባው የእድሩ አስተናጋጅ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣ ሕፃኗን ሁለቴ ቆጥሯት ይሆናል አለ፣ ተወው። ኤልዳና ግን ገባት። ድንኳኑ የባስልኤልንም ትንፋሽ ይቆጥራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አላነሳችም።

ረቡዕ ሃምሳ አንድ ዲግሪ ሆነ። ሰልፉ በግንቡ ጥላ ሥር ተጠማዝዞ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ረድኤት ደምሴን ይዛ በአራት ሰዓት ተኩል ገብታ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ጊዜዋ አለቀ፤ የሚቀጥለው ተራዋ ሠላሳ አራተኛ ነው። ልጁ ፊቱ ሁሉ ቀልቶ አንገቷ ላይ ወድቋል፣ መሳቁን ትቷል። ከመውጣቷ በፊት ወደ ኤልዳና ጎንበስ አለች።

«ኤልዱ፣ እሱን ካንቺ ጋ ልተወው? እኔ ውጪ እቆያለሁ። ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ ነን።»

አስተናጋጁ ወደ ቁጥሩ ጠቆማት። ሃያ።

ኤልዳና ተይው ማለት ነበረባት። ሃያ አንድ ቢሆን ስንት ዲግሪ ይጨምራል? ሁለት? ዘነበች ሁለት ዲግሪ ትችላለች? ይህን ስታሰላ አንገቷን አቀረቀረች። ሐዘንተኛ አንገቱን ሲያቀረቅር ማንም አይፈርድበትም። ረድኤት ልጁን ታቅፋ ወጣች።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከሰልፉ መሃል ጩኸት ተሰማ። ኤልዳና የማን ድምፅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። የሞተው ልጅ ገና በእጇ ላይ እንዳለ፣ ሰዎች የረድኤትን ቦታ ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጉ።

በሰባት ሰዓት የረድኤት ወንድም ሮቤል ስምንት ሆኖ መጣ። ጭነት አውራጆች ናቸው፣ ሦስቱ የድንኳን ብረት ይዘዋል። ረድኤት ከኋላቸው ናት፣ ደምሴን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ። የእድሩ ዳኛ ያፌት መግቢያው ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሮቤል ድንኳኑ ለእኛ ይገባል፣ እናንተ ሬሳ ይዛችሁ ሁለት ቀን ሆናችሁ፣ ቅበሩና ልቀቁ አለው። ያፌት ክፉ ሰው አልነበረም። ደንብ አዋቂ ነበር።

«ልጄ፣ እኔም ሐዘኑ ገብቶኛል። ግን ለሕፃን ድንኳን አይተከልም» አለ።

ብረቱ ያፌትን ከቅንድቡ በላይ አገኘው። የወደቀው ሳይጮህ ነው። ከዚያ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ውስጥ ያሉት አሥራ ዘጠኙ ቅዝቃዜያቸውን ለመጠበቅ፣ ሰልፍ የቆሙት ተራቸውን ለመጠበቅ፣ የሮቤል ሰዎች ለደም ተያያዙ። አንድ ጎረምሳ ካስማ ነቅሎ የሌላውን ጉልበት ሰበረ፤ ዘመም ብላ ያልተተከለችው ያቺ ካስማ ነበረች። አንዲት ሴት የማታውቀውን ሰው ጣት ነክሳ ይዛለች፣ እሱ ጸጉሯን ይነጫል። ሸራው በአንድ በኩል ተቀደደና ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ገባ። ኤልዳና ዘነበች ላይ ተደፍታ ነበር። ጀርባዋን ሁለት ጊዜ ረገጧት፣ ጎኗ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማች፣ አልተነሳችም።

የሮቤል ብረት ቃሬዛው ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ስቶ ነው እንጂ ሬሳ ሊመታ አልነበረም። ያረፈው በባስልኤል ክንድ ላይ ነው፣ በተሰበረው ላይ።

ባስልኤል አልጮኸም። አልተንቀሳቀሰም። ግን ነጠላው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች፣ ሳንቲም አከለች፣ ሰፋች፣ ከቃሬዛው ጠርዝ መንጠብጠብ ጀመረች።

ሬሳ አይደማም። ይህን ያየችው ረድኤት ብቻ ነበረች፤ ደምሴን ታቅፋ በግርግሩ መሃል ቆማ ነበር፣ የሚነካትም አልነበረም። ደሙን አየች። ቀና ብላ መግቢያው ላይ ያለውን ቁጥር አየች። ከዚያ መሬት ላይ የተደፋችውን ኤልዳናን አየች። ኤልዳና በረድኤት ፊት ላይ ሁሉም ነገር ሲገለጥላት አየች፣ አንድ በአንድ።

«በቃ» አለች ረድኤት።

አልጮኸችም፣ ግን ሮቤል ሰምቶ ብረቱን አወረደ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ቆሙ።

«ድንኳኑን አልፈልገውም። ለነሱ ይሁን፤ ሰልስት እስኪወጣ ይቀመጡበት። ሟቹ ግን አሁን ይቀበር። በዚህ ሙቀት ሬሳ ማቆየት ነውር ነው።»

ሁሉም ትክክል ነው አለ። ዳኛ ያፌት ደሙን በጋቢው እየያዘ፣ ይህች ሴት አስታረቀችን፣ እግዜር ይስጣት አለ። ኢዮስያስን አይጠብቅም ወይ ብሎ የጠየቀም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አፍሮ ነበር።

ለመንገድ ሬሳ የሚጠቀለልበት ብርማ ሸራ አለ፤ ሙቀት አያስገባም፣ አየርም አያስገባም፣ በአራት ቦታ በጠፍር ይታሰራል። ነጠላው ላይ ያለው ደም ለሰዉ የጠቡ መሰለው። ሸራውን ሲያመጡት ኤልዳና ባስልኤል አጠገብ ተንበርክካ እጇን ከነጠላው ሥር ሰደደች። እጁን አገኘችው። ሞቃት ነው፣ ላብ አለው።

«ተነስ» አለችው።

ሴቶቹ ሰሟትና ዋይታውን አነሱ። ለሟች ሁሉ ተነስ ይባላል፤ ሙሾ ነው።

«ተነስ ባሴ! ተነስ፣ ይበቃል! እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ተነስ!»

«ተነስ ባሴ፣ ተነስ!» እያሉ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ደረታቸውን እየደቁ። በጮኸች ቁጥር ይቀበሏታል። አልሞተም አለች፤ አልሞተም፣ አልሞተም ብለው አዜሙላት። እንዲህ ያለ ሙሾ በሰፈሩ ተሰምቶ አያውቅም፣ ሰዉ ሁሉ እንባው ወረደ። ረድኤት ብቻ አላለቀሰችም።

ባስልኤል ጣቷን ጨመቀ። አንድ ጊዜ፣ አጥብቆ። ከዚያ እጇን ገፋው፣ ዘነበች ወዳለችበት።

ነጠላውን ገልጣ፣ እዩት፣ ዓይኑን እዩት ልትል ትችል ነበር። ድንኳኑ ያኔውኑ ይነቀላል። ሐሙስ ገና አላለፈም። እጇ ነጠላው ላይ ነበር፣ ጫፉን ይዛዋለች፣ አልገለጠችውም። ሸራውን ሲያስሩ አራቱንም ጠፍር በዓይኗ ተከተለች።

ዘነበችን ከአንዲት ጎረቤት ጋር ድንኳኑ ውስጥ ትታ ቃሬዛውን ተከተለች። ደረቁን ወንዝ ሲሻገሩ ስምንት ሰዓት ነበር። የተሸከሙት በሩጫ ነው፤ ሁለቱ መሃል ላይ ወደቁ፣ ሌሎች ተተኩ። ብርማው ሸራ ዓይን ይወጋል። ኤልዳና ሸራው ሲነሳና ሲወርድ ታያለች፣ ወይ በሩጫው ነው፣ ወይ ይተነፍሳል። አሸዋው ላይ አንዴ ተንፈራገጠ፤ የተሸከሙት ቃሬዛው የተንሸራተተ መሰላቸው፣ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ከወንዙ ማዶ መነሳቱንና መውረዱን ተወ።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ፊቱን ልየው አለች። ከልክለዋት ነበር፣ ቄሱ ፍቀዱላት አሉ። ዓይኑ ተከፍቷል። የነጠላው ጠርዝ አፉ ውስጥ ነው፣ ነክሶታል፣ ድዱ እስኪደማ። እንዳይጮህ ነው የነከሰው። ከጥርሱ ልታላቅቀው ሞከረች፣ አልለቅም አለ፤ እንዲሁ ተቀበረ።

ሐሙስ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ሆነ። ዘነበች በድንኳኑ ውስጥ ሦስት ጡጦ ጠጣች። መግቢያው ላይ ቁጥሩ ሃያ ሲል ሰዉም ሃያ ነበር፤ አስተናጋጁ፣ ቁጥሩ ራሱ ዳነ አለ።

ኢዮስያስ አርብ ደረሰ፣ አለቀሰ፣ ሳምንት ቆይቶ ወደ ማማው ተመለሰ። በእድሩ መዝገብ ባስልኤል ያረፈው ማክሰኞ ነው፤ አርባውም በዚያው ተቆጠረ። በተቆጠረው ቀን ሰዉ ሲመጣ የኤልዳና ደጅ ዝግ ነበር። በሩ ሥር ሆነው ቢጠሯት፣ ነገ ነው አለቻቸው። ሐዘን አእምሮዋን ወስዶታል፣ ቀን ተሳሳተች አሉ፣ አዝነውላት ሄዱ። በማግስቱ ብቻዋን ዳቦና ንፍሮ አቅርባ፣ ሻማ አብርታ ተቀመጠች።

አንድ ሰው መጣ። ረድኤት ናት። ገብታ ኤልዳና ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ንፍሮውን በእጇ ዘገነች፣ አልበላችም።

«የኔም ዛሬ ነው» አለች። «ሁለቱም ረቡዕ ነው የሞቱት።»

ዘነበች ኤልዳና እጅ ላይ ነበረች፣ ሦስት ወር ሞልቷታል፣ ጉንጯ ወጥቷል። ረድኤት እጇን ዘረጋች፤ እንቢ ማለት አልተቻለም። ሕፃኗን ተቀብላ መዘነቻት፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ እንደሚመዝነው።

«ስንት ትበላለች?» አለች። መልሱንም ራሷ ሰጠች፦ «እስካሁን ሁለት ሰው።»

ከዚያ የመጣችበትን ነገረቻት። የባለአምስት ኮከቡ ተራዋ ደርሷል። ማሽኑ ትናንት ተገጠመ፣ ወረቀቱ ላይ አሁንም ደምሴ ይላል። ከአንድ ክፍል አያልፍም፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ሦስተኛ ሰው አይችልም። እሷ አንድ ናት፤ ሁለተኛዋ ዘነበች። ከነገ ጀምሮ አራት ቀን ቀይ ነው፣ ስልክሽ አልጮኸም ወይ አለቻት።

«ከአምስት ሰዓት በፊት አምጪያት» አለችና ሕፃኗን መልሳ ወጣች።

ኤልዳና የማታስበው አልነበረም። ይቅር ብላኛለች አለች፤ የለም፣ ልጄን ልትገድልብኝ ነው አለች። ስቲከር ሻጩን፣ ጤና ጣቢያውን፣ በኢዮስያስ በኩል አይሻን፣ ሁሉንም ዞራ አሰበችው። በማግስቱ ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዘነበችን ታቅፋ የረድኤት ደጅ ቆማ ነበር።

በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው እግሯን ነካት። ረድኤት ልጅቷን ተቀበለች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ማሽኑ ድምፅ የለውም፤ ጥሩ ማሽን ነው። ከበሩ በላይ ግን እንደ ድንኳኑ ትንፋሽ የሚቆጥር ትንሽ ሰሌዳ አለው፣ በቀይ ይበራል።

ኤልዳና ከመንገዱ ማዶ ግንቡ ሥር ተቀመጠች። ጥላው እስከ ጉልበቷ ነው። ዘነበች ውስጥ ታለቅሳለች፣ ድምፁ በበሩ ሥር በቀጭኑ ይወጣል። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ለቅሶው ተቋረጠ። ተኝታ ይሆናል። ወይም። ኤልዳና ላቡ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ አልጠረገችውም፤ ከጠረገች ሰሌዳው ለአፍታ ይጠፋታል። ሰዎች በጥድፊያ ያልፋሉ፣ ሴትዮ ግቢ፣ ትሞቻለሽ ይሏታል። እሷ ቁጥሩን ታያለች።

ሁለት ይላል።

አሁንም ሁለት ይላል።